ሳላነብ ያለፍኳቸው ሁለት መስመሮች

ሾላ ውሃ፣ ጥቅምት 14 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ ለጋሼ ብዙነህ፣ አዲስ አበባ፤

ሰላምታዬ በመካከላችን ያለውን ገደልና ሜዳ አልፎ በጤና ያግኝዎ። እኛ ሁላችን ደኅና ነን፤ በሬዎቹ እንኳ ደኅና ናቸው። የሚካኤል አምላክ ይመስገን።

ይህን የምጽፈው እኔ ጥሩሐረግ ነኝ፣ የወንድምዎ የቄሰ ገበዝ ገብረ ጻድቅ ልጅ። እርስዎ ከዚህ ሲሄዱ ገና የወተት ጥርሴ አልወለቀም ነበር። አሁን ዐሥራ አምስት ዓመቴ ነው፤ ሰቆጣ ከአክስቴ ዘንድ ተቀምጬ እስከ አራተኛ ክፍል ተምሬ ተመልሻለሁ። እንደሚያውቁት አባባ ዳዊት ይደግማሉ እንጂ መጻፍ አልተማሩም። አሁን ደግሞ ዓይናቸው ስለደከመ የብራናውን ትልልቅ ፊደል እንጂ የእስክርቢቶ ጽሕፈት አይለይላቸውም። ስለዚህ እሳቸው ይናገራሉ፣ እኔ እጽፋለሁ። ቃላቸው ይህ ነው፦

«ወንድሜ ሆይ፣ ሚካኤል ሊወድቅ ነው። ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለው ቦረቦር ዘንድሮ ክረምት ግቢውን ገምሶ ገባ። አባታችን የተቀበረበትን ጥግ ጎርፍ ወስዶታል፤ ዐፅሙን እኔና ጓንጉል ለቅመን ወደ ላይ አዛወርነው። ከገደሉ አፋፍ እስከ ግድግዳው ዐሥራ አንድ እርምጃ ቀርቷል፤ አምና ሃያ ነበር። ካህናቱ ተስማምተናል። ሕንፃውን እንጨት በእንጨት ፈትተን ከላይ ወይራው ሜዳ ላይ እንደ ነበረ እንተክለዋለን። ግን እንዲህ ያለ ሥራ የሚችል ሰው በአገራችን የለም፤ የድሮዎቹ እንዴት አድርገው እንደ ገጣጠሙት እግዜር ይወቀው። አንተ ሰው ታውቃለህና የሚችል ፈልግልን።»

ጎረቤታችን አያ ጓንጉል አጠገባችን ተቀምጠው ነበር። «ቶሎ በል በይው፤ ሚካኤል እንደሆን ክንፍ አለው ይበራል፤ ገደል የምንገባ እኛ ነን» አሉ። አባባ ይህን አትጻፊ ብለውኛል። ጽፌዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ታዛዥ ልጅዎ ጥሩሐረግ


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 9 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ ለቄሰ ገበዝ ገብረ ጻድቅና ለቤተ ሰቡ በሙሉ፤

እንደምን ከርማችኋል? ናፍቆታችሁ ሆዴን ከመብላቱ በቀር እኔ ደኅና ነኝ። የአባታችንን ዐፅም ነገር ሳነብ ከመሥሪያ ቤት ወጥቼ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። እኔም እዚያ ክርስትና የተነሣሁ ነኝ፤ ሚካኤል ገደል ሲገባ ዝም ብዬ አላይም።

እግዜር ሰው ሰጥቶኛል። የጥንት ሥራ የሚወዱ፣ እጃቸው ረጅም የሆነ አንድ ትልቅ ሰው ናቸው። ስለ ሕንፃው ባጫወትኳቸው ጊዜ ምግባቸውን ትተው ያዳምጡኝ ነበር። ባለሙያውንም ጭነቱንም እኔ እችላለሁ ብለዋል። ነገር ግን ምን እንዳለ ሳያውቁ ሰው አይልኩም። ስለዚህ እያንዳንዱ ወጋግራ፣ መቃን፣ መስኮትና ሳንቃ ተለክቶ ይጻፍልኝ። በተለይ ከመቅደሱ በላይ ያሉት የተቀረጹት ሳንቃዎች እንዳይረሱ።

ጥሩሐረግ፣ ጽሕፈትሽ እንደ ዶቃ የተደረደረ ነው። አለቃዬ አይቶት «ይህችን ልጅ አምጥተህ ለምን አታስተምራትም?» አለኝ። እያሰብኩበት ነው።

ወንድምህ ብዙነህ


ሾላ ውሃ፣ የካቲት 20 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ሰነበቱ? የላኩት ደብዳቤ ከደረሰን ጀምሮ አባባ የሚሄዱት እንደ ወጣት ነው። ለአገኙት ሰው ሁሉ «ወንድሜ ሰው አገኘ» ይላሉ። እናቴም በየማታው በስምዎ ትመርቅዎታለች።

ዝርዝሩን ጨርሰን ልከናል። ስድስት ቀን ፈጅቶብናል። ሴት ነኝና ወደ መቅደሱ መግባት ስለማይሆንልኝ አባባ ከመቅደሱ ሆነው በክንድና በስንዝር እየለኩ ይጮኹልኛል፤ እኔ ከደጁ ደረጃ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። የተቀረጹት ሳንቃዎች ሃያ ሁለት ናቸው። አባባ በቁጥር አልጠሯቸውም፤ በዳዊቱ ረጅም መዝሙር ላይ ባሉት በሃያ ሁለቱ ፊደላት ስም አወጡላቸው። «ቁጥር ከእጄ ይጠፋል፤ ይህ ግን ተኝቼም አይጠፋኝ» ብለው ነው።

«አሌፍ!» ይላሉ።

«ጻፍኩ» እላለሁ።

«ሁለት ወፎች፣ አንገት ለአንገት የተጠላለፉ። የአንዷ ምንቃር ተሰብሯል። ቤት! አንበሳ... አይ፣ ቆይ፣ በሬ ነው። ቀንድ አለው።»

አያ ጓንጉል በአጥሩ ሲያልፉ ሰምተው «ቄሰ ገበዝ፣ ሚካኤልን ልትድረው ነው እንዴ ጥሎሽ የምትቆጥርለት?» ብለው ጮኹ። አባባ ከውስጥ «ዝም በል አንተ!» አሉ፤ ሲስቁ ግን ሰማኋቸው።

እኔ ከደጅ ሆኜ አንዱንም ሳላይ ሁሉንም ጻፍኩ። ማታ ዓይኔን ስጨፍን ወፎቹ ይታዩኛል። እውነተኞቹ እንዴት እንደሆኑ ግን አላውቅም።

ስለ ትምህርቱ የጻፉልኝን ለአባባ አላነበብኩም። አፍሬ ነው።

ጥሩሐረግ


አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 28 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለወንድሜ፤

ሰላምና ጤና ለአንተና ለቤትህ ይሁን። ዝርዝሩ ደርሶ በጣም ተወዷል። ትልቁ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ባለሙያ ይልካሉ። የቀረው ሰበካው መስማማቱን የሚገልጽ ወረቀት ነው፤ በጽሕፈት መኪና ተጽፎ አብሮ ተልኳል። ለሕዝቡ ተነቦ የቤተ ክርስቲያኑ ማኅተም ይደረግበት። ባለሙያዎቹ ሌላ ሥራ ይጠብቃቸዋልና አትዘግዩ።

ጥሩሐረግ፣ ከዚህ በታች ያለው ለአንቺ ብቻ ነው። በወረቀቱ ላይ ወደ መጨረሻው እንዲህ የሚሉ ሁለት መስመሮች ታገኛለሽ፦ «የተነቀለው እንጨት ለጥገና ወደ አዲስ አበባ ተወስዶ ተገቢ ሆኖ በተገኘው ስፍራ ይተከላል፤ ሰበካውም ወደፊት የባለቤትነት ጥያቄ አያነሣም።» አትደንግጪ። የመሥሪያ ቤት አጻጻፍ ወጉ እንዲህ ነው፤ አለዚያ ወረቀቱ አያልፍም። ወንድሜ ግን ይህን ወግ አያውቀውም። ቢሰማ እንቅልፍ ያጣል፤ ሰዉም ያጉረመርማል፤ ባለሙያዎቹም ይቀራሉ። ያን ጊዜ ሚካኤል በእኛው ክርክር ገደል ገባ ማለት ነው። ሁለቱን መስመር ዝለያቸው። አንቺ የተማርሽ ስለሆንሽ ይገባሻል ብዬ ነው።

ትምህርት ቤት አነጋግሬልሻለሁ። መስከረም ላይ ትመጫለሽ።

ብዙነህ


ሾላ ውሃ፣ ግንቦት 15 ቀን 1958 ዓ.ም.

ለውድ አጎቴ፤

እንደምን ነዎት? እኛ ደኅና ነን።

ወረቀቱ ግንቦት 12 በሚካኤል ቀን፣ ከቅዳሴ በኋላ ተነበበ። ሌላ ቄስ ያነባል ብዬ ነበር። አባባ ግን ወረቀቱን ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርገው አዩትና «ፊደሉ ጉንዳን ይመስላል፤ አንቺ አንብቢው» ብለው ሰጡኝ። ጋሼ፣ እኔ ሰው ፊት ቆሜ ተናግሬ አላውቅም። ከአባባ ኋላ ቆምኩ። አያ ጓንጉል «ልጄ፣ ነገሩን ለራስሽ ብቻ ነው የምታነቢው? ለእኛም ቅመሱ በይን እንጂ!» አሉ። ሰው ሳቀ። ከዚያ ድምፄን ከፍ አደረግሁ።

ሁለቱ መስመሮች ዘንድ ስደርስ ጣቴን ከሥራቸው አድርጌ አለፍኳቸው። ማንም አላወቀም። አማርኛ ለማይሰሙት ሰዎች አባባ በአገሩ ቋንቋ በኽምጣኛ ነገሯቸው፤ እኔ ያነበብኩትን ብቻ። ሁሉም «ይሁን» አሉ። አባባ ማኅተሙን ከቆዳ ከረጢቱ አውጥተው ተንፍሰውበት አተሙት። «አንቺ ካነበብሽው ይበቃኛል» አሉኝ።

እንዳሉኝ አደረግሁ። ጥፋት አይደለም አይደል? ይህን ብቻ ይጻፉልኝ።

ጥሩሐረግ


ሾላ ውሃ፣ ታኅሣሥ 6 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለግንቦቱ ደብዳቤ መልስ ባይደርሰኝም ሥራ በዝቶብዎ እንደሆነ እገምታለሁ። መስከረምም አለፈ። እንደ ተዘጋጀሁ ነኝ።

የላኳቸው ባለሙያ አቶ ተስፋው ከስምንት ሠራተኞች ጋር መጥተው ሃያ ቀን ሠሩ። ክረምቱ አራት እርምጃ ጨምሮ ወስዶ ነበር፤ ሰባት ቀርቶ ነበር። ታቦቱ በሳር ወደ ተሠራው መቃኞ ወጣ፤ ሕንፃው ወይራው ሜዳ ላይ ተተክሎ እስኪያልቅ እዚያ ይቆያል ተብሎ ነው። ከዚያ ጣራው ተነሣ።

ሳንቃዎቹ ሲወጡ አየኋቸው። የመጀመሪያ ጊዜዬ ነው። ወፎቹ እኔ ካሰብኳቸው ያንሳሉ፤ ዓይናቸው ግን ትልቅ ነው። አባባ አንድ በአንድ በስማቸው እየጠሩ ተሳለሟቸው። ወጋግራዎቹ፣ መቃኖቹ፣ መስኮቶቹ ሁሉ ተጠቅልለው በሠላሳ አንድ ግመል ወደ ኮረም ወረዱ፤ ከዚያ መኪና ይጠብቃቸዋል ተባለ። ግመሎቹ ሲነሡ ሴቶቹ ታቦት እንደሚሸኙ እልል አሉ። እናቴም እልል አለች።

አባባ «እንጨቱ እስከ ወይራው ሜዳ መንገዱ አጭር ነው፤ ለምን ኮረም?» ብለው ነበር። አቶ ተስፋው «ለጥገና ነው፣ አባታችን» አሏቸው። «መቼ ይመለሳል?» አሉ አባባ። አቶ ተስፋው የግመሉን ገመድ ማጥበቅ ጀመሩ። «እሱን አቶ ብዙነህ ያውቃሉ» አሉ።

መቼ እንደሚመለስ ይጻፉልን። ድንጋዩ እዚሁ ነው።

ጥሩሐረግ


ሾላ ውሃ፣ ሚያዝያ 11 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለተከበሩ አጎቴ፤

ደኅንነትዎን እመኛለሁ። ይህ ከጥር ወዲህ ሦስተኛ ደብዳቤዬ ነው። አባባ ነጋዴ ከኮረም በመጣ ቁጥር እስከ መንገድ ወጥተው ይጠይቃሉ። ሲመለሱ እኔን አይጠይቁኝም፤ ፊቴን ብቻ ያያሉ። ምን ልበላቸው?

ጥሩሐረግ


አዲስ አበባ፣ ሐምሌ 2 ቀን 1959 ዓ.ም.

ለወንድሜና ለጥሩሐረግ፤

ሰላም ለሁላችሁ። አታስቡ፤ ጥገና ጊዜ ይፈልጋል። አሮጌ እንጨት አይቸኮልበትም። ለወንድሜ ጋቢ፣ ለጥሩሐረግ ብዕር ልኬያለሁ። አድራሻዬ ተለውጧልና ልብ በሉ፤ አሁን የራሴን ግቢ ይዣለሁ። ቤቱ ገና ቀለሙ ስላልደረቀ የጥሩሐረግ ነገር ለከርሞ ይቆይ።

ብዙነህ


ሾላ ውሃ፣ ጥቅምት 25 ቀን 1960 ዓ.ም.

ጋሼ ብዙነህ፤

እንደምን ነዎት? ይህን ደብዳቤ አባባ አያውቁትም።

ወይራው ሜዳ ላይ መሠረቱ ካለቀ ቆየ። ሰበካው በየሚካኤሉ እየወጣ ድንጋዩን ተሸክሞ በድሮው ልክ ግድግዳውን እስከ ደረት አደረሰው። ከዚያ በላይ አይሄድም፤ በድንጋዩ መካከል የሚገባው ወጋግራ የለም። መቃኞው ክረምቱን አፈሰሰ። አባባ ከጋቢዎ ሥር ሆነው እያንቀጠቀጣቸው ቀደሱ።

አንድ የኮረም ነጋዴ ባለፈው ቅዳሜ እኛ ቤት አደረ። አዲስ አበባ በአንድ ሀብታም ሰው ግቢ ውስጥ እህል ሲያራግፍ፣ የሰቆጣ አካባቢዎቹን የመሰለ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አየሁ አለ። መስቀል የለውም። ውስጡ ወንበር ተደርድሮ እንግዳ ይጋበዝበታል። ነጋዴው ይህን ሲያወራ አባባ ማኅሌት ላይ ነበሩ፤ አልሰሙም። እኔና እናቴ ሰማን። እናቴ «ሌላ ይሆናል» አለች። እኔ «ከውስጥ፣ ጣራው ሥር ምን ተቀርጿል?» ብዬ ጠየቅሁት። «ሁለት ወፍ አይቻለሁ» አለ፤ «አንዷ ምንቃሯ የተቀነጠሰ።»

ውሸት ነው በሉኝ።

ጥሩሐረግ


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለጥሩሐረግ፤

እውነት ነው። ከሰው ከምትሰሚው ብዬ እኔው ልነግርሽ ነበር፤ ጊዜ አጣሁ።

ግን አስቢው። እዚያ ቢቀር ዛሬ ገደል ገብቶ ማገዶ ሆኖ ነበር። እዚህ ምስጥ እንዳይበላው መድኃኒት ተቀብቶ፣ ውሃ በማይነካው ስፍራ ቆሟል። ከባሕር ማዶ የመጡ የተማሩ ሰዎች ቆመው ያደንቁታል። ስለ ሾላ ውሃ ማን ሰምቶ ያውቅ ነበር? አሁን ስሙ በፊቱ በተሰቀለ ሰሌዳ ላይ ተጽፏል። ከጥፋት አዳንኩት እንጂ አላጠፋሁትም። ለእናንተም ሃምሳ ቅጠል ቆርቆሮ አስፈቅጃለሁ፤ እንደ ሰቆጣ ቤቶች ያማረ ይሆናል።

መጥተሽ እዪው። እዚህ ሴት አትግቢ የሚልሽ የለም፤ ከሥሩ ቆመሽ ቀና ብለሽ ሁሉንም ታያለሽ። ትምህርቱም በዚያው ይሆናል።

ለወንድሜ በዘዴ ንገሪው። ክስ የሚባል ነገር እንዳያስብ። በወረቀቱ ላይ ያለው ማኅተም የሰበካው ነው፤ ለሕዝቡ ያነበብሽውም አንቺው ነሽ።

አጎትሽ ብዙነህ


ሾላ ውሃ፣ መጋቢት 26 ቀን 1960 ዓ.ም.

ለአቶ ብዙነህ፤

ደብዳቤዎ የደረሰ ዕለት፣ ያኔ ስለ ሁለቱ መስመሮች ለእኔ ብቻ ከጻፉልኝ ጋር ለአባባ አነበብኩላቸው። በዘዴ አልነበረም። ከመጨረሻው ቃል እስክደርስ አላቆምኩም። እሳቸውም አላቋረጡኝም። ሲያልቅ እንዲህ ጠየቁኝ፦

«ወረቀቱ እንዲያ ይል ነበር?»

«ይል ነበር።»

«አንቺ አይተሽው ነበር?»

«አይቼው ነበር።»

«እሱ ነው ዝለይ ያለሽ?»

«እሳቸው ናቸው። ግን ትምህርት ቤት መሄድ ፈልጌ ነበር።»

ይህን የመጨረሻውን ማንም አልጠየቀኝም። አባባ ተነሥተው ወደ መቃኞው ሄዱ፤ ማታ ሲመለሱ ራት አልበሉም። አልተቆጡኝም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከሳምንት በኋላ ዱላቸውን ይዘው ከአያ ጓንጉል ጋር ሰቆጣ ሄዱ። ማመልከቻ ለማጻፍ መሆኑን ያወቅሁት ሲመለሱ ነው። የነገሩኝ አያ ጓንጉል ናቸው። ማመልከቻ ጸሐፊው አባባን «ልጅዎ ትጽፋለች ይባላል፤ ለእኔ ለምን ይከፍላሉ?» ብሎ ጠየቃቸው። አባባ «ታማለች» አሉት። አያ ጓንጉል ይህን ሲነግሩኝ እንደ ልማዳቸው የሚያስቅ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅሁ። ምንም አልጨመሩም።

ያን ቀን አባባ ሲናገሩ ሌላ ሰው ጻፈላቸው። እኔ ቤት ነበርኩ፤ ጤነኛ ነበርኩ።

ዳኛው ማመልከቻውን አይተው፣ ማኅተሙም ስምምነቱም አለ፤ ወረቀቱ እንደ ተጻፈው አለመነበቡን የሚመሰክር ሰው ካልቀረበ ነገሩ እዚህ ያበቃል ብለዋል። አባባ ይህን ለእናቴ ነገሯት። ለእኔ አልነገሩኝም። እኔ ከጓዳ ሆኜ ሰማሁ። መስክሪልኝ ቢሉኝ እኮ እምቢ አልልም ነበር። አላሉኝም። ስሜን በሰው አፍ ላለማስገባት እንደሆነ ገባኝ። እርስዎ ደግሞ ስሜን ወረቀቱ ላይ መከለያ አደረጉት።

ስለዚህ በማግስቱ ራሴ ነገርኳቸው። «እኔ እመሰክራለሁ» አልኩ።

«ሰው ፊት ነው» አሉኝ። «ዳኛ አለ፤ የሾላ ውሃ ሰው ሁሉ ይሰማል። በኋላ በገበያ ስታልፊ ይጠቋቆሙብሻል።»

«አውቃለሁ።»

«ጉልበትሽ ይይዝሻል?»

«አላውቅም» አልኩ። እውነት ነው፤ አላውቅም።

ቀጠሮው ከፋሲካ በኋላ ሚያዝያ 22 ቀን ነው፤ በአውራጃው ፍርድ ቤት። የሚከሰሱት እርስዎ ነዎት። መጥሪያው ይደርስዎታል፤ ከመጥሪያው በፊት ከእኔ እንዲሰሙት ፈልጌ ነው። ሳንቃዎቹ ይመለሱ አይመለሱ አላውቅም፤ ትልቁ ሰው እጃቸው ረጅም ነው ብለው እርስዎው ጽፈዋል። ሕንፃውን አዳንኩት ያሉትም በከፊል እውነት እንደሆነ አይጠፋኝም። ባለፈው ክረምት የቆመበት ስፍራ ጨርሶ ወርዷል። እኔ ግን ከዚያ በፊት ዋሽቼ አላውቅም ነበር። አባባም ቢጠየቁ ምን ይሉ እንደ ነበር አሁን ማንም አያውቅም፤ ያን ያስቀረሁት እኔ ነኝ፤ ያስደረጉኝ እርስዎ ነዎት።

ቆርቆሮውን ሰበካው አልፈለገውም። አዲስ አበባም አልመጣም።

አባባ «ከመጣ ወንድሜ ነው፤ ማደሪያው እዚሁ ነው» ብለዋል። እናቴም መኝታውን ታነጥፋለች። ከኮረም ሲመጡ በታችኛው መንገድ አይሞክሩ፤ ተቆርጧል። ሲደርሱ ውሃ አሙቄ እግርዎን የማጥበው እኔ ነኝ፤ ለቤቱ እንግዳ የሚደረገው ሁሉ ይደረግልዎታል። በማግስቱ ጧት ችሎት ፊት ያደረጉትን እናገራለሁ።

ጥሩሐረግ ገብረ ጻድቅ